ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የኪሮሿ?

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኪሮሽ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከአንድ መመሪያ ላይ ኮፍያ መረጥኩና በ5 ሚሊሜትር ኪሮሽ ጀመርኩት። ከአናቱ ተነስቶ ወደ ታች የሚሠራ ነው። በየዙሩ ስድስት ስፌት እየተጨመረ 84 ሲሞላ መጨመሩ ይቆማል። ቆጥሬ፣ እንደታዘዝኩት ጨረስኩ። ጭንቅላቴ ላይ ግን አልገባ አለኝ። በሜትር ስለካው ዙሪያው 44 ሴንቲ ነው። ጓደኛዬ አየችና «እጅሽ ይጠብቃል፣ ላላ አድርጊው» አለችኝ። እሺ ብዬ በዚያው ክር፣ በዚያችው ኪሮሽ ሁለተኛ ሠራሁ። ይኼኛው ደግሞ 60 ሴንቲ ሆኖ ዓይኔን ሸፍኖ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። መመሪያው መጀመሪያ ላይ «16 ስፌትና 18 ረድፍ = 10 ሴንቲ ሜትር» የሚል ነገር አለ፤ ስላልገባኝ ዘለልኩት። የመጀመሪያውን ስሠራ ኪሮሿ አልገባም እያለች ጣቴ ቀልቶ ነበር። ሁለተኛውን ስሠራ ክሩ ከእጄ እያመለጠ አስቸገረኝ። ለዚህ ሥራ እጅ የለኝም ማለት ነው? እናቴ «ተይው፣ ገዝተሽ አድርጊ» እያለችኝ ነው።»

እጇ የጠበቀባት

እህቴ፣ እናትሽ አይቀየሙኝና ይቺን አንድ ምክራቸውን እንለፋት። እጅ አለሽ። እንዲያውም ከብዙ ጀማሪ የሚለይሽ ነገር አለ፤ ሜትር አውጥተሽ ለክተሻል። ብዙው ሰው «ጠበበኝ» ብሎ ይጽፍልኛል እንጂ ስንት ሴንቲ እንደጠበበው አይነግረኝም። ደብዳቤሽ ውስጥ መልሱ አለ፤ ማካፈል ብቻ ነው የቀረሽ።

መጀመሪያ ያቺን የዘለልሻትን መስመር እንያት። «16 ስፌትና 18 ረድፍ» ማለት መመሪያውን ያዘጋጀው ሰው በራሱ እጅ፣ በራሱ ክር፣ በራሱ ኪሮሽ ሲሠራ አሥር ሴንቲ ውስጥ ወደ ጎን 16 ስፌት፣ ወደ ላይ 18 ረድፍ ገብቶለታል ማለት ነው። ጌጅ የሚሉት ይኼንኑ ነው። መመሪያው ላይ ያሉት ሌሎች ቁጥሮች በሙሉ ከዚህ የመጡ ናቸው። 84ን ለ16 አካፍለሽ በአሥር አባዢው፤ 52 ሴንቲ ተኩል ይመጣል። ኮፍያው እንዲሆን የታሰበው ይኼን ያህል ነው። የአዋቂ ጭንቅላት ብዙውን ጊዜ 55፣ 56 ሴንቲ ግድም ነው፤ ኮፍያ ግን ተለጥጦ እንዲይዝ ሆን ተብሎ ጠበብ ይደረጋል።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። 84 ስፌት 44 ሴንቲ ውስጥ ከገባ አሥር ሴንቲ ላይ 19 ስፌት አስገብተሻል። ሁለተኛው ላይ እነዚያው 84 ስፌቶች 60 ሴንቲ ሞሉ፤ አሥር ሴንቲ ላይ 14 ማለት ነው። መመሪያው 16 ሲል አንዴ በሦስት በለጥሽ፣ አንዴ በሁለት ጎደልሽ። የሆነው ይኼው ነው። ሦስት ስፌት አሥር ሴንቲ ላይ ስታዪው ምንም አይመስልም፤ ጭንቅላት ሲዞር ግን ስምንት ሴንቲ ተኩል ይሆናል።

ጓደኛሽ በሽታውን በትክክል አውቃዋለች፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። «ላላ አድርጊው» ሲባል ሰው ሆን ብሎ ማላላት ይጀምራል። ሆን ብለሽ የምታደርጊው ነገር ደግሞ ትዝ እስካለሽ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ስልክ ይጮሃል፣ ሰው ያዋራሻል፣ እጅሽ ወደ አመሉ ይመለሳል። ያቺን 60 ሴንቲ ኮፍያ ብርሃን ላይ ዘርግተሽ እያት። አንዱ ዙር ወንፊት፣ ቀጣዩ ዙር ጥቅጥቅ ብሎ ብታገኚው አልገረምም። ለጀማሪ ከመጥበቅም ከመላላትም የሚብሰው ይኼ መዘበራረቅ ነው። ሁሌም የሚጠብቅ እጅ ችግር የለውም። ሁሌም የሚላላም እንደዚያው። እጅሽ የፈለገውን ይሁን፣ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ልኩን የምታስተካክለው ኪሮሿ ናት።

ስፌቱ ከታዘዘው በላይ ከሆነብሽ ተለቅ ያለች ኪሮሽ ያዢ፤ ካነሰብሽ አነስ ያለች። በግማሽ ሚሊሜትር፣ በግማሽ ሚሊሜትር ሂጂ። አንቺ በተፈጥሮ እጅሽ 19 ስለምታስገቢ 5 ተኩልን ሞክሪ፤ ካልበቃሽ 6ን። «መመሪያው 5 ነው ያለው እኮ» እንዳትዪኝ። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ያ ሰው የተጠቀመባትን ነው የሚነግርሽ። ጎበዝ የሚባሉ ሠሪዎችም ከመመሪያው በአንድ ሚሊሜትር ተለቅ ወይም አነስ ባለች ይሠራሉ፤ ማንም አያፍርበትም።

ኪሮሽ ስትመርጪ ታዲያ ሚሊሜትሩን ብቻ እዪ። አሜሪካኖች በፊደል ይጠሯታል፤ 5 ሚሊሜትሯ ኤች ትባላለች። የድሮው የእንግሊዝ ቁጥር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኪሮሿ ትቀጥናለች። ለስስ ዳንቴል የሚሆኑት የብረት ኪሮሾችም አቆጣጠራቸው እንደዚያው ነው። ሚሊሜትር ግን የትም ሚሊሜትር ነው።

ኪሮሽ ከመቀየርሽ በፊት ግን «ኪሮሿ አልገባም አለች፣ ጣቴ ቀላ» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙውን ጊዜ የዚህ ምክንያት ክሩን መወጠርሽ አይደለም። ያለሽን ኪሮሽ አንሺና ጠጋ አድርገሽ እያት። ጫፏ ላይ መንጠቆዋ አለች። ከመንጠቆዋ ዝቅ ሲል አንገቷ ይቀጥናል። ከአንገቷ ቀጥሎ እኩል ውፍረት ያለው ድቡልቡል ግንድ ይመጣል፤ ከዚያ ጠፍጣፋው የአውራ ጣት ማረፊያ፣ ከዚያ እጀታው። 5 ሚሊሜትር የሚባለው ግንዱ ነው። አንገቱ ከዚያ ይቀጥናል።

ጀማሪ ሰው ኪሮሿ ላይ ያለው የክር ቀለበት እንዳያመልጠው ስለሚፈራ ሥራውን በሙሉ አንገቱ ላይ ይጨርሳል። ክሩን ይጠመጥማል፣ ይስባል፣ ቀለበቱ እዚያው ቀጭኑ ቦታ ላይ ይጨብጣል። እንዲህ ሲሆን በ5 ሚሊሜትር ኪሮሽ እየሠራሽ በ4 የሠራሽ ያህል ስፌት ታወጪያለሽ። በሚቀጥለው ዙር ወፍራሙን ግንድ እዚያ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ትታገያለሽ። ጣትሽ የቀላው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ክሩን ስበሽ ካወጣሽ በኋላ ቀለበቱን ወደ ግንዱ አሳልፊው። ሳትጨብጪው እዚያ ላይ ይረፍ። ወደፊትና ወደኋላ ስታንሸራትቺው ያለ ትግል መሄድ አለበት፤ ግን ግንዱን ነክቶ ይሂድ፣ አይንጠልጠል። ሃያ ስፌት ያህል እንዲህ እያየሽ ሥሪ። ምናልባት ያለ ምንም ኪሮሽ ለውጥ ከ19 ወደ 17 ትወርጂ ይሆናል። ስለዚህ ይኼን አስተካክለሽ ነው መለካት ያለብሽ። አለበለዚያ 6 ሚሊሜትር ትይዢና ከሳምንት በኋላ እጅሽ ሲገራ እንደገና 60 ሴንቲ ኮፍያ ታወጪያለሽ።

ክሩ ከእጅሽ የሚያመልጠው ደግሞ መንገድ ስላልሰጠሽው ነው። እንደኔ በቀኝ የምትሠሪ ከሆነ ክሩ በግራ እጅሽ ትንሿ ጣት ላይ አንዴ ይጠምጠም፣ ከመሃከለኞቹ ጣቶች ሥር ይለፍ፣ ሌባ ጣት ላይ ወጥቶ ወደ ኪሮሿ ይሂድ። በግራ ከሆነ ገልብጪው። የሚያንሸራትት ክር ከሆነ ትንሿ ጣት ላይ ሁለቴ አዙሪው። ሻካራ ከሆነ ጭራሽ ሳትጠመጥሚ በጣቶችሽ መሃል ብታሳልፊው ይበቃል። ፍሬን የምትይዘው ትንሿ ጣት ናት፤ ሌባ ጣት መሪ ብቻ ነው። ሌባ ጣትሽን ቀና ባደረግሽው ቁጥር ክሩ ይወጠራል፤ ወደ ሥራው ዝቅ ስታደርጊው ይላላል። ለአንድ ምሽት ኮፍያውን ተይና ይኼንን ብቻ ተለማመጂ። ቀለበት ከቀለበት እየሳብሽ ሰንሰለት ብቻ ሥሪ፣ ፍቺ፣ ሥሪ።

ድቡልቡሉን ክርም እዪው። ከሥራሽ ጋር የሚጎተት ክር እጅሽን ሳታውቂው ያጠብቀዋል። በየጥቂት ስፌቱ ክንድ የሚያህል ክር ቀድመሽ ሳቢና ጭንሽ ላይ አስቀምጪ። ይቺን ትንሽ ነገር ማንም ለጀማሪ አይነግረውም፤ እኔ ራሴ ዓመት ሙሉ ከድቡልቡል ጋር ስጓተት ኖሬ ነው የነቃሁት።

ኪሮሿን እንደ እስክሪብቶ ያዝሻት ወይስ እንደ ቢላ? ሁለቱም ደህና ነው። አንድ ሥራ መሃል ላይ ብቻ አትቀይሪ።

አሁን ስለ ረድፍ ትንሽ። ኪሮሽ ስትቀይሪ በይበልጥ የሚለወጠው ስፋቱ ነው፤ ቁመቱ ያን ያህል አይታዘዝልሽም። ስለዚህ 16ቱን ስፌት አግኝተሽ 18ቱ ረድፍ 21 ቢሆንብሽ ኪሮሽ መለዋወጥ አያድንሽም። የቁመቱ ምስጢር ያለው ኪሮሿን ወደ ስፌቱ አስገብተሽ ክሩን ይዘሽ ስትወጪ በሚፈጠረው የመጀመሪያ ቀለበት ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ቀለበቱ እንደወጣ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ስፌቱ አጭር ይሆናል። አንዳንዱ ባለበት ይተወዋል። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ስፌቱ ይረዝማል። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ለማወቅ እጅሽን በስልክሽ ቪዲዮ አንሺና ቀስ አድርገሽ እዪው። ሰው የራሱን እጅ ሲያይ ይስቃል። ረድፍሽ ካጠረ ያችን ቀለበት ሚሊሜትር ታህል ከፍ አድርጊያት፤ ከረዘመ ዝቅ። ለኮፍያ ግን ስፋቱ ይግጠምልሽ እንጂ በቁመቱ አትጨነቂ፤ ካጠረ አንድ ዙር ትጨምሪያለሽ።

ወደ መለኪያው እንሂድ። ዋናውን ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ትንሽ የሙከራ ቁራጭ ትሠሪያለሽ። አውቃለሁ፣ ደስ አይልም። ኮፍያ ልሥራ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቁራጭ ጨርቅ ሥሪ ሲባል ይናደዳል። ግን ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ አንቺ ይኸው ሁለት ኮፍያ ነከስሽ። ለሻርፕ ወይም ለጠፍጣፋ ነገር ከሆነ ወደ ጎን 15 ሴንቲ፣ ወደ ላይ 15 ሴንቲ የሚሆን ሥሪ። አሥር ሴንቲ ብቻ ሠርተሽ ከዳር እስከ ዳር አትለኪ፤ የዳር ስፌት ሁሌም ይዋሻል። መሃል ላይ ጠንከር ያለ ማስመሪያ አሳርፊ፣ ከጫፍና ከጫፍ መርፌ ሰክተሽ በመካከል ያለውን ቁጠሪ። ግማሽ ስፌት ከመጣ ግማሿንም ጻፊያት። «16 ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» ብለሽ ጨርቁን በጣትሽ ሳብ እንዳታደርጊው። ሁላችንም አድርገነዋል። ቁራጩ ይታዘዝሻል፣ ኮፍያው ግን አይታዘዝሽም።

ከመለካትሽ በፊት ደግሞ ቁራጩን፣ ኮፍያውን ወደፊት እንደምታጥቢው አድርገሽ፣ እጠቢውና ጠፍጣፋ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ሱፍ ውሃ ሲነካው ዘና ይላል፤ ጥጥ አይለጠጥም ግን በራሱ ክብደት ይረዝማል። የሙከራ ቁራጩ ከታች ጠቦ ወደ ላይ እየሰፋ ከሄደ የመነሻ ሰንሰለትሽ ጠብቋል ማለት ነው፤ ሰንሰለቱን ብቻ ተለቅ ባለች ኪሮሽ ጀምሪና ወደ ዋናዋ ተመለሺ። ወደ ላይ እየጠበበ ከሄደ ግን በውጥረት አታመካኚ፤ ዳር ላይ ስፌት እየጣልሽ ነው። ቁጠሪ።

ለአንቺ ግን ከዚህ የተሻለ አቋራጭ አለኝ። ኮፍያሽ በዙር ስለሚሠራ ሄዶ ተመላሽ በሆነ ቁራጭ ብትለኪው ልኩ ትንሽ ይለያያል፤ ሥራውን እያዞሩ መመለስና ሳያዞሩ መዞር አንድ ዓይነት አይወጣም። ስለዚህ የኮፍያውን አናት ራሱን መለኪያ አድርጊው። በስድስት ጀምረሽ ስድስት ስድስት ስትጨምሪ አሥረኛው ዙር ላይ 60 ስፌት ይኖርሻል። በመመሪያው ልክ ከሆነ ያ ክብ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ተኩል፣ 12 ግድም ይሆናል። 10 ሴንቲ ከሆነ ያ 44 ሴንቲው ኮፍያ እየመጣ ነው። 13 ተኩል ከሆነ ደግሞ 60 ሴንቲው። አሥር ዙር ፈትቶ በሌላ ኪሮሽ መጀመር ሙሉ ኮፍያ ከመፍታት ይሻላል። ክቡ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ መቀመጥ አለበት። እንደ ሳህን ጎድጎድ ካለ ረድፎችሽ ረዝመዋል ወይም መጨመር የረሳሽበት ዙር አለ። ዳሩ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ከተርገበገበ ረድፎቹ አጥረዋል ወይም አብዝተሽ ጨምረሻል።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽና ልለፍ፣ በሌላ ሥራ እንዳያገኝሽ። የአሜሪካና የእንግሊዝ መመሪያዎች ለአንዱ ስፌት የተለያየ ስም ነው ያላቸው። አሜሪካኑ ሲንግል የሚለውን እንግሊዙ ደብል ይለዋል፤ አሜሪካኑ ደብል የሚለውን እንግሊዙ ትሬብል። ስታምታቺው ቁመቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣና «ውጥረቴ ነው» እያልሽ ታለቅሻለሽ። መለያው ቀላል ነው። መመሪያው ውስጥ ሲንግል የሚል ቃል ካየሽ የአሜሪካ ነው፤ እንግሊዞቹ ሲንግል ክሮሼ የሚባል ስፌት የላቸውም።

ሁሉም ሥራ ይኼን ያህል ልኬት አይፈልግም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያጋንናል። ሻርፕ በሦስት ሴንቲ ቢሰፋ ማንም አይከስሽም። ብርድ ልብስም እንደዚያው፤ ላላ ያለ እጅ ብዙ ክር ስለሚበላ መጨረሻው ላይ ክር እንዳያልቅብሽ ብቻ። ጥጥ የሚሞላቸው ትንንሽ አሻንጉሊቶች ላይ እንዲያውም የጠበቀ እጅ ነው የሚፈለገው፤ ካልሆነ ሙሌቱ በቀዳዳው ይታያል። እዚያ ሥራ ላይ የክሩ መጠቅለያ ከሚመክረው ያነሰች ኪሮሽ ነው የሚያዘው። ያንቺ «የጠበቀ እጅ» እዚያ ቤት ሙያ ነው። ሰውነት ላይ ልክ መግባት ያለበት ነገር ግን፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሹራብ፣ ሳይለካ አይጀመርም።

ሌላው፣ ሲደክምሽ አትሥሪ። ቁጣ፣ ሐሳብ፣ እንቅልፍ ሁሉም ክሩ ላይ ይታያሉ። አንድ ጊዜ ሹራብ ስሠራ የቀኙን እጅጌ በእረፍት ቀን፣ ዘና ብዬ ጨረስኩ። የግራውን በአንድ ክፉ ሳምንት፣ ማታ ማታ፣ ጥርሴን ነክሼ ሠራሁት። የስፌቱ ቁጥር እኩል፣ የረድፉ ቁጥር እኩል። ሲገጣጠም ግራው በሦስት ሴንቲ አጠረ። ከዚያ ወዲህ ጥንድ የሆነ ነገር ሁሉ በአንድ ሰሞን ነው የምጨርሰው። ቁጭ ስልም መጀመሪያ አሥር ስፌት ያህል ቁራጭ ክር ላይ እሠራለሁ፤ እጄ ሲሞቅ ወደ ዋናው እሄዳለሁ።

ለሚቀጥለው ሙከራሽ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ ለስላሳ፣ ፀጉር የሌለው ክር ያዢ። ጥቁር ክር ላይ ስፌቱ አይታይም፤ ያልታየ ስፌት አይቆጠርም። የአሉሚኒየም ኪሮሽሽ የምታንሸራትትሽ ከሆነ እንጨት ወይም ቀርከሃ ሞክሪ፤ ክሩን ትንሽ ያዝ ያደርጉታል። የኪሮሿ ዓይነት ሲቀየርም ልክ እንደሚለወጥ አትርሺ፤ በብረት ለክተሽ በእንጨት አትሥሪ።

ስለ ሁለቱ ኮፍያዎች። 44 ሴንቲዋን እንዳትፈቺያት። የአንድ ዓመት ሕፃን ጭንቅላት 46 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ትንሽ ትለጠጥና ልክ ትሆናለች። ለምታውቂው ሕፃን ስጪያት፤ ከመጀመሪያውም ለሕፃን ነበር በዪ። 60 ሴንቲዋን ግን ፍቻት። ሲፈታ ክሩ እንደ ተሸረበ ፀጉር ተጠቅልሎ ይወጣል፤ በዚያ ሁኔታው ብትሠሪበት ልኩ እንደገና ይዛባብሻል። የወንበር መደገፊያ ላይ አዙሪውና ትልቅ ቀለበት አድርጊው፣ እንዳይተበተብ ሦስት አራት ቦታ በሌላ ክር ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፊው። ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጨምቂና ስቀይው። ሲደርቅ ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። በ5 ተኩሏ ጀምሪ፣ አሥረኛው ዙር ላይ ቁሚና ለኪው። ስንት ሴንቲ እንደመጣ ጻፊልኝ።